ክርክሩን ሰማችሁ ወይስ ወሬውን?

(በሬድዮ ከቀረበ ትምህርት ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

   

የዛሬው ርዕሳችን የምርጫ ክርክርና ከክርክሩ በኋላ የሚመጣው ወሬ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ኢማም በፖለቲካ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። እኔ ማንን ምረጡ፣ ማንን ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። ያ በእያንዳንዳችሁ ሕሊና የሚወሰን ነው። የምናገረው ስለ ጆሮና ስለ ምላስ ነው። ጆሮና ምላስ ደግሞ ምርጫ ኖረም አልኖረም በአላህ ፊት ተጠያቂዎች ናቸው። በሱረቱል ኢስራእ ሰው ዕውቀት የሌለውን ነገር እንዳይከተል፣ መስሚያም ማያም ልብም ሁሉም እንደሚጠየቁ ጌታችን አስጠንቅቆናል።

ውድ አድማጮች፣ ሰው በሕይወቱ በሁለት ዓይነት የዳኝነት ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንደኛው ተሹሞ የሚቀመጥበት ነው፤ እሱ የጥቂቶች ዕጣ ነው። ሁለተኛው ማንም ሳይሾመው የሚቀመጥበት ነው፤ ይህ የሁላችንም ነው። በቡና ላይ ተቀምጠን «እገሌ አሸነፈ፣ እገሌ ተዋረደ፣ እገሌ ሀገር ሊያፈርስ ነው፣ እገሌ ለድሃ አሳቢ ነው» ስንል ፈርደናል። ጥያቄው ይህ ነው፤ የፈረድነው ባለጉዳዩን ሰምተን ነው ወይስ ስለ ባለጉዳዩ የተነገረንን?

የ1997ቱ ክርክር

በሀገራችን የምርጫ ክርክር ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው 1997 ዓመተ ምሕረትን ነው። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በፊት በነበሩት ወራት ኢሕአዴግ፣ ቅንጅት፣ ኅብረትና ሌሎችም ፓርቲዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲከራከሩ በቴሌቪዥንና በሬድዮ በቀጥታ ተላለፈ። ከገዥው ፓርቲ በኩል እንደ አቶ በረከት ስምዖን ያሉ ባለሥልጣናት፣ ከተቃዋሚዎች በኩል እንደ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ አቶ ልደቱ አያሌው፣ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስና ዶክተር መረራ ጉዲና ያሉ ሰዎች ቀረቡ። ስለ መሬት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ ኢኮኖሚ ተነጋገሩ። ባለሥልጣን ሲጠየቅና ሲመልስ፣ ተቃዋሚም ተራው ደርሶ ሲጠየቅ ሕዝቡ አየ። ለብዙው ኢትዮጵያዊ ይህ አዲስ ነገር ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤቱን ሰብስቦ አብሮ ይመለከት ነበር፤ ሻይ ቤቱም እንደዚያው።

ነገር ግን ቴሌቪዥን የሌለው ከቴሌቪዥን ያለው ይበልጥ ነበር። መብራት ያልደረሰው የገጠር ቀበሌ ከደረሰው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ለአብዛኛው የወላይታ ሰው የደረሰው ክርክሩ ራሱ ሳይሆን የክርክሩ ወሬ ነበር። ወሬው ደግሞ በብዙ መንገድ መጣ። በመንግሥት ሬድዮና በአዲስ ዘመን መጣ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭነው ዘግይተው በሚደርሱ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ በሚነበቡ የግል ጋዜጦች መጣ። ማታ ማታ በአሜሪካ ድምፅና በጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት መጣ። ከሁሉም በላይ ከገበያ በተመለሰ ሰው አፍ መጣ።

እነዚህ መንገዶች ያመጡት ዜና አንድ ዓይነት አልነበረም። በአንዱ ወገን ዘገባ ገዥው ፓርቲ ተቃዋሚዎች አማራጭ እንደሌላቸው ያጋለጠበት ምሽት፣ በሌላው ወገን ዘገባ ተቃዋሚዎች ገዥውን ፓርቲ መልስ ያሳጡበት ምሽት ሆኖ ይወጣ ነበር። ተከራካሪዎቹ ያው ናቸው፤ ሰዓቱም ያው ነው፤ የተባለውም ያው ነው። የተለየው ከተባለው ውስጥ ተመርጦ የተነገረው ነው።

ከመሬት ጥያቄ አንድ ምሳሌ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ርዕስ ብቻ እናንሳ፤ መሬትን። በወላይታ መሬት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሰው በዝቶ መሬት ያነሰበት አካባቢ ነው። ብዙው አባወራ ከግማሽ ሄክታር ባልበለጠች ማሳ ላይ እንሰቱንም፣ ጎደሬውንም፣ በቆሎውንም፣ ስኳር ድንቹንም አብቃቅቶ ልጆቹን ያሳድጋል። ስለ መሬት የሚነገር አንድ ቃል ለእንዲህ ዓይነቱ አባወራ የዕለት ጉርሱን የሚነካ ነው።

ኢሕአዴግ በክርክሩ የያዘው አቋም መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 እንደተደነገገው የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቆይ፣ አይሸጥ የሚል ነበር። ምክንያቱንም ተናግሯል፤ ገበሬው በክፉ ዓመት ተጨንቆ መሬቱን በርካሽ ሸጦ ወደ ከተማ ይፈልሳል፣ መሬት በጥቂቶች እጅ ይጠቀለላል የሚል ነው። ቅንጅት በአንጻሩ ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ይሁን አለ። እሱም ምክንያት ነበረው፤ መሬቱ የራሱ ያልሆነ ገበሬ በቀበሌ ሹም ፊት አንገቱን ይደፋል፣ መሬቱን ለማልማት አይደፍርም፣ በመሬቱ ዋስትና መበደር አይችልም የሚል ነው። ኅብረት ደግሞ የራሱ አቋም ነበረው፤ ተቃዋሚ ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም።

እንግዲህ ይህ ክርክር ወደ ገበያ ሲወርድ ምን ሆነ? በአንድ በኩል «መሬታችሁን ለሀብታም ሊሸጡባችሁ ነው» ሆነ። በሌላ በኩል «የመንግሥት ጭሰኛ አድርገው ሊያኖሯችሁ ነው» ሆነ። ሁለቱም አባባሎች ከክርክሩ የተወለዱ ናቸው፤ ግን አንዳቸውም ክርክሩን አይደሉም። በመንገድ ላይ የወደቀው ምክንያቱ ነው። ገበሬውን ደግሞ የሚጠቅመው ያ የወደቀው ነበር። «ክፉ ዓመት ቢመጣ መሬቴ ምን ይሆናል? ብበደርስ? ሹሙ ቢጠላኝስ?» ብሎ የሁለቱንም ምክንያት በራሱ ማሳ ላይ አስቀምጦ መመዘን የሚችል ሰው ነበር። ለእሱ የደረሰው ግን ፍርሃት ብቻ ነው። ፍርሃት የደረሰው ሰው አይመዝንም፤ ይሸሻል ወይም ይጣላል።

ውድ አድማጮች፣ ወሬው እያደገ ሄደ። ሚያዝያ 29 ቅዳሜ የኢሕአዴግ ደጋፊዎች፣ በማግስቱ እሁድ ሚያዝያ 30 የቅንጅት ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞሉት፤ እያንዳንዱም ወገን ሕዝቡ ሁሉ የእኔ ነው አለ። በገዥው ፓርቲ በኩል ተቃዋሚዎችን በርዋንዳው የ1994 እ.ኤ.አ. ዕልቂት ከሚታወቀው ከኢንተርሃምዌ ጋር የሚያመሳስል ንግግር ተሰማ። በአንዳንድ የግል ጋዜጦችም ገዥውን ፓርቲ ከአንድ ብሔረሰብ ጋር ጨፍልቆ የሚሰድብ ጽሑፍ ይወጣ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ከምርጫው በፊት የነበረውን የክርክር መድረክ አመስግነዋል፤ ከምርጫው ቀን በኋላ ግን የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ለአንድ ወገን ማድላታቸውን ነቅፈዋል።

ከምርጫው በኋላ ሁለቱም ወገኖች አሸንፈናል አሉ። በመጨረሻ በይፋ የተነገረው ውጤት ከ547 መቀመጫ ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለኅብረት 52 የሚል ነበር። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ፣ በሰኔና በጥቅምት መጨረሻ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደም ፈሰሰ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት ያረጋገጡት የሟቾች ቁጥር 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ነው። የተቃዋሚ መሪዎችና ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ ብዙ የግል ጋዜጦች ተዘጉ። ይህ ሁሉ የደረሰው በወሬ ብቻ ነው አልልም። ጥይት የተኮሰ ተጠያቂነቱ የራሱ ነው። ነገር ግን አንዱ ወገን የሌላውን ቃል ከራሱ አንደበት መስማት ሲያቆም፣ ወንድሙን እንደ ጠላት ለማየት የቀረው መንገድ አጭር ነው።

አንዱን ብቻ የሰማ ዳኛ

ዲናችን ለዚህ ጉዳይ ምን መመሪያ ሰጠን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓሊይን (ረ.ዐ.) ዳኛ አድርገው ወደ የመን ሲልኳቸው ዓሊይ ገና ወጣት ነበሩ፤ በዳኝነትም አልተለማመዱም። ነቢዩ ከሰጧቸው ምክር አንዱ፣ ሁለት ተከራካሪዎች በፊትህ ሲቀመጡ የመጀመሪያውን እንደሰማህ ሁሉ ሁለተኛውንም ሳትሰማ ፍርድ አትስጥ የሚል መልእክት ያለው ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ ይዋሻል አልተባለም። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ግን ዳኛው ሁለተኛውን እስኪሰማ ድረስ ያንን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ታሪክም በሱረቱ ሷድ ተነግሮናል። ሁለት ባለጉዳዮች ግድግዳ ዘለው ወደ ማምለኪያ ክፍላቸው ገቡ። አንደኛው ወንድሙ 99 በጎች እንዳሉት፣ እሱ ግን አንዲት በግ ብቻ እንዳለችው፣ እሷንም እንደጠየቀውና በንግግር እንደበረታበት ተናገረ። ዳውድም በደለህ አሉት። ወዲያው ግን እንደተፈተኑ ተገነዘቡ፤ ጌታቸውን ምሕረት ለመኑ። ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ እንደሚሉት ፈተናው ሁለተኛውን ሳይሰሙ መፍረዳቸው ነበር። ተመልከቱ፤ አቤቱታው ልብ የሚነካ ነው። አንዲት በግ ያለው ድሃ፣ 99 ያለው ሀብታም! የእንባ ነገር ሲቀላቀልበት ፍርድ ይቸኩላል። ከዚያም ቀጥሎ አላህ ዳውድን በሰዎች መካከል በእውነት እንዲፈርዱ፣ ዝንባሌያቸውን እንዳይከተሉ አዘዛቸው። ነቢይ በዚህ ከተፈተኑ እኔና እናንተማ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል?

በሱረቱል ሑጁራት ደግሞ አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ቢመጣ እንድናጣራ ታዘናል፤ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት። ሙፈሲሮች ለአንቀጹ መውረድ ሰበብ አድርገው የሚያወሱት ታሪክ አለ። ዘካ እንዲሰበስብ ወደ በኑ ሙስጠሊቅ የተላከ ሰው ሕዝቡ ሊቀበሉት ሲወጡ ሊገድሉት የመጡ መሰለው። ከመንገድ ተመልሶ «ዘካ ከለከሉ፣ ሊገድሉኝም ፈለጉ» አለ። ነገሩ ሲጣራ ሰዎቹ በእስልምናቸው ላይ ጸንተው ተገኙ። በአንድ ሰው ፍርሃት የተነሳ ጦር ሊዘምትባቸው ጥቂት ነበር የቀረው። አያችሁ፣ ወሬ አምጪው ዓይኑ ያየውን ተናግሯል፤ ሰዎች ሲወጡ በእርግጥ አይቷል። የተሳሳተው ያየውን በተረጎመበት ነው። በዘገባም ውስጥ እንዲሁ ነው። «ሰዎች ወጡ» የሚለው ዜና ነው፤ «ሊገድሉኝ ወጡ» የሚለው ፍርድ ነው። ሁለቱ በአንድ አረፍተ ነገር ተጣብቀው ሲመጡ የመለየት ሥራው የሰሚው ነው።

መድረሳ እንደ ስድብ

ይህ ችግር የእኛ ሀገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዲሞክራቶችና ሪፐብሊካኖች ለፕሬዚዳንትነት ዕጩአቸውን ከማቅረባቸው በፊት በፓርቲው ውስጥ እርስ በርስ ይወዳደራሉ፣ ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ይህ ፉክክር ገና ሲጀመር ኢንሳይት የተባለ መጽሔት ባራክ ኦባማ በልጅነታቸው በኢንዶኔዥያ መድረሳ ተምረዋል ብሎ ጻፈ። ወሬው የወጣውም ከተፎካካሪያቸው ከሂላሪ ክሊንተን ሰዎች ነው አለ። የክሊንተን ወገን ነገሩን አስተባበለ። ፎክስ ኒውስ የተባለው ቴሌቪዥን ግን ወሬውን ተቀብሎ አወራበት። ሌላው ጣቢያ ሲኤንኤን ጋዜጠኛውን ወደ ጃካርታ ላከ። ጋዜጠኛው ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ክፍሎቹን አይቶ፣ አስተማሪዎቹን አነጋግሮ፣ የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች የሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት መሆኑን አሳወቀ።

ወንድሞቼ፣ ሙስሊም ያልሆነ ጋዜጠኛ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሄዶ አጣራ። እኛ ማጣራት በቁርኣን የታዘዝን ስልካችንን አንስተን አንድ ሰው መጠየቅ ይከብደናል።

በዚህ ወሬ ውስጥ ሁለት ውሸት እንዳለም ልብ በሉ። የመጀመሪያው ሰውየው ያልተማሩበትን ተምረዋል ማለቱ ነው። ሁለተኛው ግን ሳይነገር የተነገረው ነው፤ መድረሳ መማር የሚያሳፍር ነገር ነው የሚለው። እኔ በመድረሳም በኮሌጅም ተምሬያለሁ፤ በመድረሳ ፊደልና አደብ ነው የተማርኩት። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 በቴሌቪዥን ቀርበው ይህን ሁለተኛውን ውሸት ነኩት። ኦባማ ክርስቲያን ናቸው፤ ነገር ግን ሙስሊም ቢሆኑስ ምን ነውር አለው? በሚል መንፈስ ተናገሩ። ሰውየው ራሳቸው ሪፐብሊካን ሆነው ለተፎካካሪ ፓርቲ ዕጩ ፍትሕ መሰከሩ። በሱረቱል ማኢዳ ሕዝብን መጥላት ከፍትሕ እንዳያወጣን የታዘዝነው እንዲህ ያለውን ነው።

እኛም በሀገራችን ይህን ቀምሰናል። በ2005 የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት እያለ «ጀሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ተከሳሾቹ በዚያው ስክሪን ላይ መልስ የሚሰጡበት ቦታ አልነበራቸውም። ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ያን ምሽት አዝኗል። እንግዲህ አንድ ወገን ብቻ ሲናገርበት ምን እንደሚያም የምናውቅ ሰዎች ስለሌላው፣ ስለማንወደው ፓርቲ፣ ስለማንወደው ዕጩ አንድ ወገን ብቻ ሰምተን ብንፈርድ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

እውነት ሁልጊዜ መሐል ላይ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይገባብን እፈራለሁ። «ሁለቱን ስማ» ማለት «ሁለቱም እኩል እውነተኛ ናቸው» ማለት አይደለም። አንዱ አሥር ብር፣ ሌላው ሃያ ብር ቢል እውነቱ አሥራ አምስት ነው ብሎ መቁረጥ ዳኝነት አይደለም፤ ድርድር ነው። ኦባማ መድረሳ ተምረዋል ባዩና አልተማሩም ባዩ መካከል «በከፊል ተምረዋል» የሚባል መሐል የለም። ሁለቱን የምንሰማው እውነቱን ለማግኘት ነው፤ ከተገኘ በኋላ ከወገናችን ተቃራኒ ቢሆን እንኳ መመስከር ግዴታችን ነው። በሱረቱ ኒሳእ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆንም በፍትሕ ቆመን እንድንመሰክር ታዘናል።

በቅርቡ በዞናችን የሆነውን ደግሞ አስታውሱ። ጥር 29 ቀን 2015 በ6 ዞኖችና በ5 ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ወላይታ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክልል ትደራጅ ወይስ አትደራጅ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲያከራክረን የቆየ ነው። የዞኑ ምክር ቤት በ2011 ወላይታ ራሷን የቻለች ክልል እንድትሆን መወሰኑም ይታወሳል። በአንድ ቤት ውስጥ አባት በአንድ ወገን፣ ልጅ በሌላው ይቆም ነበር። ምርጫ ቦርድ የወላይታን ድምፅ አሰጣጥ መርምሮ የሕግ ጥሰት በማግኘቱ ውጤቱን ሰረዘ፤ ሰኔ 12 ቀን 2015 ድምፅ አሰጣጡ በዞኑ እንደገና ተካሄደ። ውሳኔው የወደደውም ያልወደደውም ይኖራል። እኔ የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው። የራሱ ሠራተኞች፣ የራሱ መዝገብ ያለው ተቋም «ቆይ፣ እንደገና ልመርምር» ካለ፣ እኛ በአንድ ጣት ንክኪ የምናስተላልፈው ወሬ ላይ ያ ሁሉ እርግጠኝነት ከየት መጣ?

በቤታችን ምን እናድርግ?

ከ1997 ወዲህ ነገሩ ቀለለ ወይስ ከበደ? በአንድ በኩል ቀለለ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ከተካሄደው ምርጫ በፊት ብልጽግና፣ ኢዜማ፣ አብንና ሌሎችም ፓርቲዎች ያደረጉት ክርክር በብዙ ጣቢያዎች ተላልፏል፤ ተቀድቶም በስልክ ይገኛል። ጋዜጣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጣ የምንጠብቅበት ዘመን አልፏል። በሌላ በኩል ግን ከበደ። የሁለት ሰዓቱ ክርክር ተቆራርጦ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ሆኖ ይመጣል፤ «እገሌ ጉድ ፈላበት» የሚል ርዕስ ተለጥፎበት። ጥያቄው ተቆርጦ መልሱ ብቻ ይመጣል። ወይም መልሱ ተቆርጦ ዝምታው ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚሆኑ አራት ነገሮችን ልጠቁም።

አንደኛ፣ ወሬ ላመጣ ሰው «አንተ ራስህ ሰምተኸዋል?» ብሎ መጠየቅን ልማድ እናድርግ። ልጅም ቢሆን፣ አዛውንትም ቢሆኑ በአክብሮት ይጠየቁ። «እርስዎ ሲናገር ሰምተውታል ወይስ ነግረውዎት ነው?» ማለት ነውር አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንቶቻችን «ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ?» እያሉ ከከተማ ወደ ከተማ የተጓዙ ናቸው። የኢስናድ ዕውቀት ያለው ኡማ በምንጭ አልባ ወሬ ሊመራ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ቃሉን ከፍርዱ እንለይ። «ዕጩው መሬት በሊዝ ይሰጥ አለ» የሚለው ቃሉ ነው። «ዕጩው ሕዝቡን ሸጠ» የሚለው የዘጋቢው ፍርድ ነው። ልጆቻችሁን ይህን አለማምዷቸው። ዜና ከሰማችሁ በኋላ «ከዚህ ውስጥ የሆነው የቱ ነው? የተባለለት የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የአሥር ዓመት ልጅ ይለየዋል።

ሦስተኛ፣ የምንጠላውን ወገን ከራሱ አንደበት እንስማ። የምንወደውን ለመስማት ማንም አያስተምረንም። ፈተናው የማንወደውን ሙሉ ቃሉን፣ ምክንያቱን ጨምሮ፣ ሳያቋርጡ መስማት ነው። ከሰማን በኋላም የእሱን ምክንያት እሱ ራሱ ቢሰማን «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» በሚለው መንገድ መድገም ከቻልን፣ ያኔ ለመፍረድ ደርሰናል። ካልቻልን ገና አልሰማንም።

አራተኛ፣ ያላጣራነውን አናስተላልፍ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ለውሸታምነት እንደሚበቃው አስተምረውናል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ማለትም ውሸት ለመፍጠር ማሰብ የግድ አይደለም፤ ሳይለዩ ማስተላለፍ ብቻ ይበቃል። እኔ አልጻፍኩትም፣ ያገኘሁትን ነው የላክሁት ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ ቅጥፈት በተነዛ ጊዜ ወሬውን ከፈጠሩት በተጨማሪ በምላሳቸው የተቀባበሉትም ተወቅሰዋል፤ ነገሩን ቀላል አድርገው አይተውት ነበር፤ በአላህ ዘንድ ግን ከባድ ነበር።

የጉርብትና ነገር

በመጨረሻ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልገን ልናገር። እኛ በወላይታ የምንኖር ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂቶች ነን። ጎረቤታችን ፕሮቴስታንት ነው፣ ኦርቶዶክስ ነው፣ ካቶሊክ ነው። በገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሸጣለን። ልጆቻችን በአንድ ወንበር ይማራሉ። ሐዘን ሲደርስ አብረን እንቀመጣለን። ጠዋት ስንገናኝ «ሳሮ» እንባባላለን፤ ሰላም ማለት ነው። ምርጫ በአምስት ዓመት አንዴ ይመጣል፤ ክርክሩም አልፎ ይረሳል። ተመራጩም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እዚህ የሚቀረው ጎረቤት ነው። ስለ አንድ ዕጩ ባልሰማነው ቃል ተነሥተን ጎረቤታችንን «የእገሌ ደጋፊ» ብለን ካኮረፍነው፣ የከሰርነው ከዕጩው ጋር አይደለም። ሌሊት እናት ምጥ ሲይዛት በሩን የምናንኳኳው ያ የተኮረፈው ሰው ቤት ነው።

ድምፅ መስጠት መመስከር ነው። «ይህ ሰው አማናን ለመሸከም ይበቃል» ብሎ መመስከር። ያላየውን የሚመሰክር ሰው በፍርድ ቤት ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እንግዲህ ድምፅ ከመስጠታችን፣ ከመውደዳችን፣ ከመጥላታችን፣ ለሌላውም ከመንገራችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ ክርክሩን ሰማሁ ወይስ ወሬውን? መልሱ «ወሬውን» ከሆነ «አላውቅም» ማለት አያሳፍርም። ታላላቅ ዑለሞቻችን በማያውቁት ጉዳይ «አላውቅም» ማለትን የዕውቀት ግማሽ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

ጌታችን ሆይ! የሰማነውን የምናጣራ፣ ያወቅነውን በፍትሕ የምንመሰክር አድርገን። ምላሳችንን ከቅጥፈት፣ ጆሯችንን ከሐሜት ጠብቅልን። ለሀገራችን ሰላምን፣ ለመሪዎቻችን ፍትሕን፣ ለጎረቤቶቻችንና ለእኛ ኸይርን ወፍቀን። ኣሚን።